ጣና ዳር ወፍና ጉማሬ ለማየት የቱ ይሻላል? በእግር፣ በታንኳ፣ በሞተር ጀልባ ወይስ ፎገራ ድረስ መሄድ

ባህርዳር ዘመድ ወይ ጓደኛ ሲመጣብኝ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የሚጠይቀኝ "ጉማሬ የት ነው ሚታየው?" ነው፣ ከዛ "ጀልባስ ስንት ነው?" ይቀጥላል። እኔ ደሞ ሁሌ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ነገ ስንት ሰዓት መነሳት ትችላለህ? ምክንያቱም ጣና ላይ በምን ልሂድ፣ የት ልሂድ የሚለው ከሰዓቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በእግሩ ዳር ዳሩን የሄደ ሰው፣ 4 ሰዓት ላይ ጀልባ ኮንትራት ይዞ ከወጣው ሰው የበለጠ ያያል፣ ያውም ምንም ሳይከፍል። ስንቱ ሰው ለጀልባ ከፍሎ፣ ፀሀይ አናቱን በልቶት፣ ሁለት ፔሊካን ከሩቅ አይቶ "ጣና ላይ ምንም የለም" ብሎ ሲመለስ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ። እንስሳውማ አለ፣ ሰዓቱ ነው ያለፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሀይቁ ፀጥ ብሎ ይተኛል፣ ወፉ ሌሊቱን ሳይበላ ስላደረ ቁርሱን ፍለጋ ይወጣል፣ ጉማሬውም ሳር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሀው የሚመለሰው ያኔ ነው። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ጥላ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነስቶ ውሀውን ያናውጠዋል፣ በዚህ ሰዓት ከጀልባ ላይ ሆኖ በቢኖኩላር ማየት ማለት ዝም ብሎ አይን ማድከም ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና ጥሩ ይሆናል ግን ቶሎ ይመሽባችኋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ጠዋት ትነሳላችሁ ብዬ አስቤ ነው፣ ካልሆነ ግን ምርጫው ብዙ ለውጥ የለውም።

በእግር

በጀት ለሌለው፣ አንድ ጠዋት ብቻ ላለው፣ ወፍ ለሚወድ የኔ አንደኛ ምርጫ ይሄ ነው፣ እንደውም በጀት ላለውም። ከጊዮርጊስ አካባቢ ጀምሮ ሀይቁ ዳር ያለውን መንገድ መያዝ ነው፣ ደንገልና ሳር የቀረበት ቦታ ስትደርሱ ቀስ ማለት፣ ከዛ ቁጭ ማለት። ቁጭ ማለት የምለው አስር ደቂቃ አይደለም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቁ። መጀመሪያ ሲታይ ምንም የሌለ ይመስላል፣ ሰው ሲመጣ ሁሉም ስለሚደበቅ ነው፣ ከዛ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር አሳ አጥማጅ ወፏን ማንም አያጣትም፣ አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ባለችበት ትቆምና በአንዴ ቁልቁል ተወርውራ ውሀው ውስጥ ትገባለች፣ ብዙ ጊዜ ባዶ አፏን ነው የምትወጣው፣ ግን አትሰለችም። ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ ድንጋይ ወይ ጉቶ ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል፣ ላባው ውሀ ስለሚይዝ ነው እንደዛ የሚሆነው። ደንገሉ ላይ ቢጫዎቹ ጎጆ ሰሪ ወፎች አሉ፣ ወንዱ ነው ጎጆውን በአፉ የሚሸምነው፣ ሴቷ መጥታ ካልወደደችው ሌላ ይጀምራል። ድንጋይ ላይ ፀሀይ የሚሞቅ አርጃኖ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ሲያዩት አዞ ይመስላል፣ ሰው ሲያይ ግን እሱ ነው ቀድሞ ወደ ውሀ የሚገባው። ትልልቅ ዋርካና ሾላ ካለ ደግሞ ቀና በሉ፣ ፍሬው በበሰለ ሰሞን ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ በቡድን ሆኖ ይመጣል፣ ድምፁ እንደ ህፃን ለቅሶ ሆኖ ከሩቅ ይሰማል፣ ሲበር ደግሞ የክንፉ ድምፅ ብቻውን ይሰማል። ከሱ ጋር አረንጓዴዎቹ ትናንሽ በቀቀኖችም አይጠፉም፣ እነዚህ ክንፈ ጥቁሮቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በተፈጥሮ የትም የሉም።

ግን በእግር መሄድን እንዲህ አጥብቄ የምመክረው በአንድ ወፍ ምክንያት ነው። የውሀ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመድ፣ ሰውነቱ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ነገር ያለው፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር ሲነፃፀሩ ከልክ በላይ ረጃጅም የሆኑ ወፍ አለ። ክብደቱ ጣቶቹ ላይ ስለሚበተን ቅጠሉ አይሰምጥበትም። አንድ ጠዋት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁት፣ አራት ይሁኑ አምስት የጥጥ ኳስ የሚያካክሉ ጫጩቶች ከጎኑ ቅጠል ለቅጠል እየዘለሉ ይለቅማሉ። ላያችን ላይ ጭልፊት መሰለኝ የሆነ ነገር አለፈ፣ ወፉ ወዲያው በጉልበቱ ዝቅ አለ፣ ጫጩቶቹ ሮጠው ክንፉ ስር ገቡ፣ ከዛ ብድግ ሲል ከደረቱ ግራና ቀኝ የጫጩቶቹ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ፣ አንድ ወፍ አስራ ምናምን እግር ያለው ይመስል ነበር፣ እንደዛው ተሸክሟቸው ደንገሉ ውስጥ ገባ። ያ ወፍ እናት አይደለም አባት ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ልጆቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ይሄን ነገር ከሞተር ጀልባ ላይ በጭራሽ አታዩትም፣ ጀልባው ሳይደርስ እነሱ የሉም።

አሳ የሚወርድበት ቦታ ላይም ቆም ሳትሉ አትለፉ፣ ሌላ ነገር ፍለጋ እየተቻኮለ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። አሳ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያፀዱ ፔሊካኖች ተሰብስበው ይጠብቃሉ፣ ከኋላ ደግሞ አባ ኮዳ መላጣውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ፔሊካን ከሶስት ሜትር ርቀት ላይ የሚታየው እዚህ ነው፣ አፉ ስር ያለው ከረጢት ሲወጠር፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ደም ስሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። ልጆች ያላችሁ ሰዎች ይሄን ቦታ ካሳያችኋቸው ሌላው ትርፍ ነው።

ታንኳና ሞተር ጀልባ

እነዚህን ሁለቱን ሰው ዋጋ ብቻ አይቶ ነው የሚያወዳድረው፣ ግን የሚያሳዩት ነገር ራሱ ይለያያል።

ታንኳ ከደንገል የሚሰራ ስለሆነ ውሀው ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አይናችሁ ከወፎቹ አይን ጋር እኩል ይሆናል፣ ድምፅም የለውም፣ የመቅዘፊያው ጠብታ ብቻ ነው ሚሰማው። ወፎቹ ደሞ ታንኳን የለመዱት ነገር ስለሆነ አይሸሹም። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ ትንሽ ዙም ያለው ካሜራ ወይ ጥሩ ሞባይል እንኳ ይበቃል። ችግሩ ከታች ውሀ ያስገባል፣ ቂጣችሁ ይርሳል፣ ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ አድርጉ። ሩቅ አይሄድም፣ ንፋስ ሲነሳም መመለስ አለበት። ዋና ለማይችል ላይፍጃኬት የግድ ነው፣ ታንኳው ላይ ከሌለ ከጀልባ ማህበራቱ ጠይቃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እና ታንኳ ይዛችሁ ወደ ጉማሬ እንዳትሄዱ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ታንኳ በመስራትና በአሳ ማጥመድ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ስለ ጉማሬ ፀባይ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔም የማውቀውን ከነሱ አባቶች ነው የሰማሁት። ጉማሬ የሚወጣበትና የሚመለስበት የራሱ መንገድ አለው፣ ሳሩ ላይ ቦይ ሰርቶ ይታያል፣ እዛ መንገድ ላይ ጠዋትም ማታም አይቆምም፣ በሱና በውሀው መሀል የገባ ሰው ነው የሚጎዳው። ያን ሁሉ ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ሰውነቱን ይዞ የብስ ላይ ከሰው በላይ ይሮጣል።

ለጉማሬ ሞተር ጀልባ ነው። አባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ፣ ደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ፣ ከከተማው ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት በጊዜ ከተወጣ የማየት እድሉ ጥሩ ነው። የምታዩት መጀመሪያ ጆሮ ነው፣ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ውሀው ላይ ይሽከረከራሉ፣ ከዛ አይንና አፍንጫ፣ የቀረው ሰውነቱ ከስር ነው። ጠልቆ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ሊቆይ ስለሚችል ጠፋ ብላችሁ ቶሎ አትሂዱ፣ እዛው ጠብቁ።

አንድ ጊዜ እህቶቼን ይዤ ሄጄ፣ ጀልባ የሚነዳው ልጅ እኛን ደስ ለማሰኘት ብሎ በጣም አስጠጋን። አንዱ ጉማሬ አፉን በሰፊው ከፈተ፣ ጥርሶቹ እስከ ስራቸው ይታያሉ፣ ሁላችንም "እንቅልፉ መጥቶ ነው" ብለን ፎቶ እናነሳለን። ለካ ማዛጋት አይደለም፣ ጉማሬ እንደዛ አፉን የሚከፍተው ራቁ ሲል ነው። ከዛ ጠለቀ፣ አረፋው ወደኛ አቅጣጫ ሲመጣ ልጁ ፊቱ ተለወጠና ሞተሩን አስነስቶ ወጣን፣ ትንሿ እህቴ እስክንመለስ እጄን አልለቀቀችም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሳልሳፈር ነው የምነጋገረው፣ "ወንድሜ ቅርብ አንፈልግም፣ ከሩቅ ፍጥነት ቀንስልን፣ በነሱና በጥልቁ ውሀ መሀል እንዳንገባ" እላለሁ። እምቢ የሚል አላጋጠመኝም፣ ብዙዎቹ የሚጠጉት ቱሪስት ቅርብ ካላየ የሚናደድ ስለሚመስላቸው ነው።

ጀልባ ለሚፈራ ወይም ሽማግሌ ለያዘ ሰው ደግሞ ቤዛዊት ተራራ አለ፣ የጃንሆይ ቤተመንግስት ያለበት፣ መኪና ወይ ባጃጅ እስከ ላይ ይወጣል። አባይን ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት፣ ጉማሬዎቹ ጥቁር ድንጋይ መስለው ነው የሚታዩት ስለዚህ ቢኖኩላር ከሌለ ዋጋ የለውም፣ ካለ ግን ሳትረብሿቸው ውለው የሚያድሩበትን ሁኔታ በደንብ ታያላችሁ። አዲሱ የአባይ ድልድይም አለ፣ በ2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ በእግር ለመሄድ ደስ ይላል፣ ወፍም ይታያል፣ ግን ለጉማሬ ብላችሁ እሱን ብቻ አትተማመኑ።

ዘጌ ወይስ ክብራን

ጀልባ ከተያዘ አብዛኛው ሰው ገዳማቱንም ያያል፣ ያ ጥሩ ነው። ክብራን ገብርኤል ቅርብ ነው ግን ሴቶች አይገቡም፣ ስለዚህ ከሴቶች ጋር ከሆናችሁ እንጦስ ኢየሱስ ወይ ዘጌ ይሻላችኋል። እንስሳ ለማየት ብቻ ካወዳደርናቸው ዘጌ ይበልጣል፣ ብዙ ይበልጣል። ዘጌ ላይ በገዳሙ ስርዓት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለነበረ ነው ደኑ እስካሁን የቆየው፣ ህዝቡ በቡና ነው የኖረው፣ ቡናው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነምህረት በሚወስደው መንገድ ላይ ጦጣዎች ይታያሉ፣ ያ ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍም እዚህ ይበዛል፣ ቢራቢሮውም እንደዛው። ብዙ ሰው የቤተክርስቲያኑን ስዕል አይቶ ሮጦ ወደ ጀልባው ይመለሳል፣ እናንተ ግን ጀልባውን ለግማሽ ቀን ያዙና አንድ ሰዓት ለመንገዱ ብቻ ስጡት። ጦጣ እንዳትመግቡ፣ መመገብ የለመደ ጦጣ ኋላ ላይ የገበሬውን ማሳ ነው የሚበላው፣ ከዛ ድንጋይ የሚወረወረው በሱ ላይ ነው።

በህዝብ ጀልባም ወደ ዘጌ መሄድ ይቻላል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ሰዓቱ የራሱ ስለሆነ ለወፍ የሚሆነውን ሰዓት ላይገጥምላችሁ ይችላል። በሳይክል በየብስ የሚሄዱም አሉ፣ ጉልበት ካላችሁ እሱም ደስ ይላል።

ፎገራ

ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከመጣችሁና ሁለት ቀን ካላችሁ፣ አንዱን ቀን ለፎገራ ስጡት ነው የምለው። በሌላ ወር ከሆነ ግን ከተማው ይበቃችኋል፣ አትድከሙ።

ምክንያቱ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ናቸው። ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ተነስተው፣ ብርዱን ሸሽተው በሺዎች ሆነው ጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ የወዳደቀ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፣ ማታ ወደ ረግረጉ ተመልሰው ጥልቅ ያልሆነ ውሀ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ነው። ስለዚህ የሚታየው ትልቁ ነገር አመሻሽ ላይ ነው፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ከየማሳው ተሰልፈው ሲመጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው ነው የሚመጣው፣ ጥሩምባ የመሰለ፣ ከዛ ሰማዩ ላይ መስመር፣ ከዛ ሌላ መስመር፣ ከዛ መቁጠር ትተዋላችሁ። አመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረውና ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ክሬንም እዚህ ይገኛል፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጨፍሩ ያየ ሰው አይረሳውም።

ከባህርዳር በጎንደር መንገድ ወደ ፎገራ ከተማ ወደ ወረታ 60 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አለ፣ ግን ረግረጎቹ ሸሸርና ወለላ ከአስፋልቱ ወጣ ስለሚሉ የአካባቢውን ሰው መያዝ ያስፈልጋል፣ የሩዝ ማሳ እየረገጡ መሄድ አይገባም። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በዛው ቀን የሄደ ሾፌር ጠይቁ፣ ወፉን ለማየት ማምሸት ስለሚያስፈልግም ወረታ አድራችሁ ጠዋት መመለሱ ነው የሚሻለው። እነዚህ ረግረጎች ለመስኖ ውሀ እየተሳበላቸውና እየታረሱ ከአመት አመት እየጠበቡ ነው፣ ገበሬውም የሚበላው ስለሚያስፈልገው ነው፣ ብቻ እኔ ሄዶ ያየ ሰው ቢበዛ ለአካባቢውም ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚህ ጋይድ ስትይዙ ከዛው መንደር ያዙ፣ ቡናም እዛው ጠጡ።

ከዚህ ሌላ ሰው የሚጠይቀኝ ጎርጎራና ጢስ አባይ ነው። ጎርጎራ በሰሜን በኩል ነው፣ ከጎንደር ለሚመጣ ሰው ነው የሚቀርበው፣ ከባህርዳር ለአንድ ጠዋት ብሎ መሄድ አይሆንም። ጢስ አባይ ፏፏቴው ነው ዋናው፣ ሀይቅ ዳር ያለውን ወፍ እዛ አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ይሄ 40 ሜትር ከፍታ ያለው ፏፏቴ ነው የጣናን አሳ ከታችኛው አባይ ለይቶ ያስቀረው፣ ጣና ላይ ከአስር በላይ የሚሆኑ ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ አሳ አይነቶች የተፈጠሩት በዚህ ነው። አሳዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ፣ የወንዙ አፍ ላይ በመረብ ከተዘጋባቸው አይባዙም፣ ስለዚህ በነሀሴና በመስከረም እንቁላል የያዘ ነጭ አሳ ሲሸጥላችሁ ቆሮሶ ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ

ክረምት ላይ አትምጡ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ከሀምሌ እስከ መስከረም ዝናቡ አለ፣ ጭቃው አለ፣ ጀልባም ብዙ አይወጣም፣ ግን ጎጆ ሰሪዎቹ ቢጫቸው የሚደምቀው፣ ብዙ ወፍ የሚፈለፈለው ያኔ ነው፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። ጀልባና ፎገራ ለሚፈልግ ግን በጋ። ከመጋቢት በኋላ እንግዶቹ ወፎች ይሄዳሉ፣ ሙቀቱም ይከብዳል።

እምቦጭ የሚባለውን አረም ታዩታላችሁ፣ ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ነው ሀይቁ ላይ የታየው፣ የሚብሰው በሰሜን ምስራቅ በኩል ነው። ሀምራዊ አበባው ሲታይ ያምራል፣ ነቅላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ከጀልባው ወለል ላይም ቁራጩ ካለ ወደ ውሀው አትመልሱት፣ ከትንሽ ቁራጭ ነው የሚባዛው። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዳሩ ላይ ፕላስቲክ መጣል ግን እስካሁን አልቆመም፣ ከናንተ የሚጀምር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ይዛችሁ የምትመጡት ብዙ አይደለም። 8 በ42 የሚባለው፣ 8 እጥፍ የሚያቀርበው ቢኖኩላር ለጀልባም ለእግርም ይሆናል፣ ከዛ በላይ የሚያቀርበው ጀልባ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀይና ነጭ ልብስ ተዉት፣ አፈር የሚመስል ቀለም ልበሱ። ኮፍያ፣ ውሀ፣ ለጠዋት ጃኬት። እግራችሁን ውሀው ውስጥ አትንከሩ፣ ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ድምፅ ማጉያ ይዞ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው ካለበት ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።

አንድ ጠዋት ብቻ ላለው ሰው እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ፣ 12 ላይ ደንገሉ ጋ ቁጭ፣ እስከ 1 ሰዓት ተኩል እዛው። ከዛ አሳ የሚወርድበት ሄጄ ፔሊካኖቹን አያለሁ፣ እግረ መንገዴን ቁርሴን እበላለሁ። 2 ሰዓት ላይ፣ ከሶስት አራት ሰው ጋር ዋጋውን ተካፍለን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጀልባ ይዘን አባይ መውጫው ድረስ፣ ንፋሱ ሳይነሳ እንመለሳለን። ጀልባውን ማታውኑ ተነጋግሬ ነው የማድረው፣ ጠዋት ወደብ ላይ መከራከር ከጀመራችሁ ሰዓቱ እዛው ያልቃል።